«ብዙ ውሃ ጠጡ፣ ኪኒኑን አቁሙ»፦ ለልብ ድካም ሕመምተኛ የማይሆን የበጋ ምክር

ሰሞኑን በቴሌግራምና በፌስቡክ ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞር አንድ ጽሑፍ አለ። የልብ ድካም ያለበት የጎጃም ሰው የመጋቢትንና የሚያዝያን ንዳድ እንዴት ይለፈው የሚል ነው። ጉዳዩ መነሣቱ ደግ ነው። በእኛ አገር የልብ ድካም የሽማግሌ በሽታ ብቻ አይደለም፤ በልጅነታቸው የጉሮሮ ሕመም ደጋግሞ ይዟቸው የልብ ቫልቫቸው የተበላሸ የሃያና የሠላሳ ዓመት ወጣቶችም በየሆስፒታሉ ቀጠሮ ይጠብቃሉ። ችግሩ ጽሑፉ የጤነኛን ሰው ምክር እንዳለ ገልብጦ ለእነዚህ ሰዎች መስጠቱ ነው።

የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላጣምም ላስቀምጥ። ጎጃም ደጋ ስለሆነ ሙቀት የሚያሰጋው ቆላ የወረደን ብቻ ነው ይላሉ። ሙቀት ሲበረታ የልብ ሕመምተኛም በቀን አራት ሊትር ውሃ ይጠጣ፤ ላቡ ውሃውን ስለሚያወጣው የሽንት ኪኒኑን እስኪከረም ያቁም፤ ከላብ ጋር የወጣውን ጨው በለምለም (በውሃ በሚበጠበጠው የተቅማጥ ዱቄት) ወይም ጨው ጣል በተደረገበት ውሃ ይተካ። እግር ቢያብጥ የሙቀት ነውና አያስደነግጥ። ያላበው ሰው ላይ ውሃ ማፍሰስ ወይም ነፋስ ማስመታት ልብን ያስደነግጣል። በጾም ወራት ደግሞ መድኃኒቱን ሁሉ ጠቅልሎ ማታ መዋጥ ይቻላል። ሰባት ነጥብ ነው፤ ከሰባቱ ሁለቱ ግማሽ እውነት አላቸው፤ እሱንም በየቦታው እላለሁ።

ከደጋው እንጀምር። ጮቄ ተራራ ሥር ያለ ሰው በሚያዝያም ጋቢ ይደርባል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በሚያዝያ ቀትር 30 ዲግሪ ገደማ ትደርሳለች። ከደጀን አፋፍ እስከ ዓባይ ድልድይ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው፤ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ሰውነት ሙቀት ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ስለዚህ ለቀብር ወይም ለሠርግ በአንድ ቀን ቆላ የሚወርደው የደብረ ማርቆስ ሰው፣ እዚያው ተወልዶ ካደገው ቆለኛ ይልቅ ያሰጋል። ደጋነቱ የሚጎዳው እንጂ የሚጠብቀው አይደለም። ደግሞም ሕመምተኛው የሚውለው በካርታው ከፍታ ላይ ሳይሆን ቤቱ ውስጥ ነው። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ከደጁ ይልቅ ይግላል፤ የድሮው የሣር ክዳን ይህ ችግር አልነበረበትም።

ወደ ውሃውና ወደ ኪኒኑ ከመግባቴ በፊት ሙቀት ልብን ለምን እንደሚያስቸግር ልበል፤ ጽሑፉ የዘለለው እሱን ነውና። በእረፍት ላይ ያለ ጤነኛ ልብ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ይረጫል። ሙቀት ሲበረታ ሰውነት ሙቀቱን በቆዳ በኩል ለመጣል የቆዳን የደም ሥሮች ይከፍታል፤ በከፋ ሙቀት ወደ ቆዳ የሚሄደው ደም ብቻውን በደቂቃ 6 ሊትርና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። ጤነኛ ልብ ምቱን አፍጥኖ ይህን ይሸከማል። የደከመ ልብ አይችልም፤ ለቆዳው ሲሰጥ ለኩላሊትና ለአንጎል ያጥረዋል። ካርቬዲሎል ወይም ሜቶፕሮሎል የሚወስድ ሰው ምቱ ስለተገታ ማፍጠን ራሱ ይከብደዋል። የሽንት ኪኒኑ፣ ፉሮሰማይድ፣ ውሃውን ቀንሶበታል፤ ኢናላፕሪል ግፊቱን አውርዶበታል። ይህ ሰው በግራ ውሃ መብዛት፣ በቀኝ ውሃ ማነስ ይዞት በጠባብ አፋፍ ላይ የሚሄድ ነው። ጽሑፉ አንደኛውን ገደል ብቻ አይቶ ወደ ሁለተኛው ይገፋዋል።

አሁን «አራት ሊትር»። ጥላ ሥር ተቀምጦ የሚውል ሕመምተኛ በላብ የሚያጣው ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው። የቀረውን ማውጣት ያለበት ኩላሊት ነው፤ እሱ ደግሞ ከደካማው ልብ በቂ ደም ስለማያገኝ ውሃና ጨው ይዞ የሚያስቀር ኩላሊት ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። በሁለት ቀን ሁለት ኪሎ የጨመረ ሰው ውሃውን በእግሩ፣ በሆዱ፣ በመጨረሻም በሳንባው ያገኘዋል። ሌላም መዘዝ አለ፤ ብዙ ባዶ ውሃ የደምን ሶዲየም ያቀጥናል፤ ማቅለሽለሽ፣ መደንዘዝ፣ ግራ መጋባት ያመጣል፤ ቤተሰብም «ውሃ ጠማው» ብሎ ሌላ ይጨምርለታል።

ጸሐፊው «የውሃ ገደብ ያረጀ ምክር ነው» ማለታቸው ግን መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመ፣ በኔዘርላንድስ ከ500 በላይ በተረጋጉ የልብ ድካም ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ጥናት፣ በቀን 1.5 ሊትር ተብለው የተገደቡት በነጻ ከተተዉት የተሻለ ጤና እንዳላገኙ አሳይቷል። ይህን እቀበላለሁ፤ የተረጋጋ ሕመምተኛን በጥም ማስጨነቅ አያስፈልግም። ነገር ግን «እንደፈለጋችሁ ጠጡ» የተባሉት ምን ያህል ጠጡ? በአማካይ 1.8 ሊትር እንኳ አልሞሉም። ከዚያ ጥናት አራት ሊትር አይወጣም። እግሩ ላበጠ፣ ተኝቶ መተንፈስ ለሚያቅተው፣ ወይም የደሙ ሶዲየም ለወረደ ሰው ደግሞ ከ1.5 እስከ 2 ሊትር የሚለው ገደብ ዛሬም ይሠራል።

በተግባር እንዲህ ነው የሚደረገው። የተፈቀደልዎ 1.5 ሊትር ከሆነ ጠዋት አንድ የሊትርና አንድ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሞልተው ያስቀምጡ። ሻይ፣ ወተት፣ ሾርባ ወይም ጠላ በቀመሱ ቁጥር ያንኑ ያህል ከሃይላንዱ ቀንሰው ሌላ ዕቃ ላይ ይገልብጡ። አንድ ስኒ ቡና 70 ወይም 80 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለው ከተነሡ ሩብ ሊትር ገደማ ሄደ ማለት ነው። በጣም ሞቃት በሆነ ቀን ከሩብ እስከ ግማሽ ሊትር መጨመር የተለመደ መነሻ ነው፤ መጠኑን ግን በጋው ሳይገባ በቀጠሮ ቀን ሐኪሙን ጠይቀው ካርዱ ላይ ያስጽፉ። አፍ ሲደርቅ ሁሉ መጠጣት ግድ አይደለም፤ ተጉመጥምጦ መትፋት፣ መፋቂያ ማኘክ፣ የሎሚ ቁራጭ መምጠጥ ምራቅ ያመጣል።

ስለ ጸበል ሳልናገር ባልፍ ግን የጎጃምን ነገር የማያውቅ ጽሑፍ ይሆናል። ጸበል መጠመቅ ከውሃው ስሌት አይገባም፤ መጠጣት ግን ይገባል። በጆግ እየተቀዳ በባዶ ሆድ ሁለትና ሦስት ሊትር የሚጠጣበት ቦታ አለ፤ የልብ ድካም ያለበት ሰው ሕመሙን ለአጥማቂው ነግሮ በትንሽ ጽዋ ይቀበል። በረከቱ በሊትር አይለካም የሚሉ አባቶች ብዙ ናቸው።

የኪኒኑ ነጥብ ከሁሉም የሚያሰጋኝ ነው። «እስኪከረም አቁሙ» ማለት ሦስት ወር ማለት ነው። ፉሮሰማይድ ያቆመ ሕመምተኛ የመጀመሪያውን ቀን ይቀለዋል፤ ሽንት አያመላልሰውም፤ ማዞሩም ይተወዋል። ምክሩ የሠራ የሚመስለውም ለዚህ ነው። በቀናት ውስጥ ውሃው ይጠራቀምና ሌሊት ትንፋሽ አጥሮት ተነሥቶ መስኮት ይከፍታል። ላብ የኪኒኑን ሥራ አይተካም፤ ላብ ዛሬ ይበዛል፣ ነገ ደመና ሲሆን ይጠፋል፤ ኩላሊቱ ግን ጨው መያዙን አይተውም።

ተቃራኒው አደጋ የለም ማለቴ አይደለም። በየዓመቱ በሙቀቱ ወቅት ክረምት ላይ ይስማማው የነበረ መጠን የሚበዛበት ሰው አለ፤ ይደርቃል፣ ሲነሣ ይዞርበታል፣ ይወድቃል። መጠኑ ለጊዜው መቀነስ ሊኖርበት ይችላል። የሚወስነው ግን ሚዛን እንጂ የአየሩ ሁኔታ አይደለም። ሐኪሙ «እብጠት የሌለበት ክብደትህ ይህ ነው» ያለውን ቁጥር ይያዙ። በየጠዋቱ ከሽንት በኋላ፣ ምንም ሳይበሉ፣ በአንድ ዓይነት ልብስ ይመዘኑና ይጻፉ። በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ኪሎ ከጨመረ ውሃ እየተጠራቀመ ነው፤ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ከዚያ ቁጥር ሁለት ኪሎ ወርዶ፣ ሲነሡ ከዞረብዎ ወይም የላይኛው ግፊት ከ90 በታች ከሆነ ደርቀዋል፤ ያኔም በዚያው ቀን ሐኪም ያማክሩ፤ ፉሮሰማይዱን የሚቀንሰው እሱ ነው።

ሚዛን የሌለበት ቤት ብዙ ነው። የጤና ኬላው ወይም የመድኃኒት ቤቱ ሚዛን በሳምንት ሁለቴ ቢገኝም ይረዳል። ከዚያ ውጪ ሰውነት ራሱ ምልክት ይሰጣል፤ ኮንጎ ጫማው ጠዋት ከጠበበ፣ መቀነቱ ከወትሮው ቀድሞ ካለቀ፣ ትራስ ከአንድ ወደ ሁለትና ሦስት ከወጣ ውሃ ጨምሯል። ጸሐፊው «የሽንት ቀለም እዩ» ያሉት ግን ለዚህ ሕመምተኛ አይሆንም፤ ፉሮሰማይድ ሰውነት ደርቆም ቢሆን ሽንትን ለሰዓታት ውሃ ያስመስለዋል።

ኪኒን ለአጭር ጊዜ የሚቆምበት አንድ ሁኔታ አለ፤ ተቅማጥና ትውከት። ያን ጊዜ ፉሮሰማይድ፣ ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን (ሌላው የሽንት ኪኒን) አንድ ላይ ሆነው ኩላሊትን ይጎዳሉ፤ ፖታሲየምን ያዛባሉ። በዚያው ቀን ሐኪም ይጠየቅ፤ በአብዛኛው መብላትና መጠጣት እስኪመለስ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን እንዲቆዩ ይደረጋል። ካርቬዲሎልና ሜቶፕሮሎል ግን በድንገት አይቋረጡም። ዲጎክሲን የተባለውን የልብ ኪኒን የሚወስድ ሰው ሲደርቅ መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ይከማቻል፤ ማቅለሽለሽ፣ ቢጫ ሆኖ ማየት፣ የልብ ምት መዘግየት ከታየ ቀጣዩን ከመዋጥ በፊት ይታይ። በፀሐይ ራሱን ያመመው ሰው ከመድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን እንዳይገዛ። ጨውና ውሃ ይይዛሉ፤ ከነፉሮሰማይድና ኢናላፕሪል ጋር ሲገጥሙ ኩላሊትን በቀናት ውስጥ ሊያቆሙት ይችላሉ። ለራስ ምታት ፓራሲታሞል ይበቃል።

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር በአውቶቡስ የሚሄዱ ሕመምተኞች ደግሞ ሽንት ፈርተው የዕለቱን ፉሮሰማይድ ይተዋሉ፤ ዓባይ በረሃ ላይ መኪና ቆሞ ሰዓት ሲገፋ ማን ይወርዳል ብለው። ፍርሃታቸው ትክክል ነው፤ መፍትሔው ግን መተው ሳይሆን ማዛወር ነው። ኪኒኑ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሥራ ይጀምርና 6 ሰዓት ያህል ይቆያል። ቀትር ላይ የሚደርሱ ከሆነ ሲደርሱ ይዋጡት።

ጨው ላይ ስሌቱ አጭር ነው። አንድ ከረጢት ለምለም በአንድ ሊትር ሲበጠበጥ 75 ሚሊሞል ሶዲየም ይይዛል፤ ወደ ገበታ ጨው ሲመለስ 4.4 ግራም ያህል ነው። ለልብ ድካም ሕመምተኛ የሚመከረው የቀን ጨው በጠቅላላ ከ5 ግራም አይበልጥም፤ ለጥ ያለ አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። እኛ ቤት ደግሞ ጨው ወጥ ላይ ብቻ አይጨመርም፤ በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ አብሮ የሚፈጭበት ቤት ብዙ ነው። ስለዚህ «ጨው አልጨመርኩም» የሚል ሰው ጨው በልቶ ሊሆን ይችላል፤ ለእሱ ያለ ጨው ትንሽ በርበሬና ሽሮ ለብቻ ማስፈጨት ከማንኛውም የገበታ ቁጥጥር ይበልጣል። ለምለም ለተቅማጥ ነው፤ የልብ ሕመምተኛም ተቅማጥ ሲይዘው በልክ፣ በባለሙያ ምክር ይወስደዋል። ጥላ ሥር ላላበው ሰው አይደለም። ቀኑን ሙሉ አርሶ ያላበው ጎልማሳስ? እሱ ጨው ያጣል፤ ነገር ግን የልብ ድካም ያለበት ገበሬ ከአምስት እስከ አሥር ሰዓት ድረስ እርፍ መጨበጥ የለበትም። ሥራው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ይለቅ።

«እግር ማበጥ የሙቀት ነው» የሚለው ሁለተኛው ግማሽ እውነት ነው። ሙቀት የደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ ጤነኛም ሰው ማታ ቁርጭምጭሚቱ ያብጣል። ያ እብጠት በሁለቱም እግር እኩል ነው፤ እግር ከፍ አድርገው አድረው ጠዋት ይወርዳል፤ ክብደት አይጨምርም፤ ትንፋሽ አይነካም። ጠዋትም ካልወረደ፣ ወደ ቅልጥም ከወጣ፣ ሲተኙ ሳል ካስነሣ የልብ ነው። አንድ እግር ብቻ አብጦ ካመመ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ሳያድር ይታይ።

ውሃ ማፍሰስና ነፋስ ልብን ያስደነግጣል የሚለው ከ«ብርድ ይመታሃል» ከሚለው ልማዳችን ጋር ስለሚስማማ ብዙ ሰው አምኖታል። በዚህ ልማድ ነው በረሃው መሀል የአውቶቡስ መስኮት ተዘግቶ ሕመምተኛው ውስጥ የሚቀቀለው። ለደከመ ልብ ግን ከሁሉ ቀላሉ እርዳታ ከውጭ ማቀዝቀዝ ነው፤ ምክንያቱም ቆዳው ከውጭ ከረጠበ ሰውነት የራሱን ውሃ በላብ መክፈል አያስፈልገውም፤ ልብም ያን ያህል ደም ወደ ቆዳ አይገፋም። ነጠላ አርጥቦ አንገትና ክንድ ላይ ማድረግ፣ እግርን በሳፋ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ መንከር፣ ፊትና ክንድ ደጋግሞ ማርጠብና በማራገቢያ ወይም በተከፈተ መስኮት ማስነፈስ ይበቃል። በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ትነቱ ጥሩ ይሠራል፤ ጣና ዳር ዝናብ ሊገባ ሲል ወበቅ ሲኖር ግን ያንሳል። አየሩ ከ40 ዲግሪ ካለፈ ደረቅ ማራገቢያ ትኩስ አየር ከመግፋት አያልፍም፤ ቆዳው ይርጠብ። አንድ ነገር ግን ልክ ነው፤ ግሎት የመጣ ሰው በድንገት ቀዝቃዛ ወንዝ ወይም ምንጭ ውስጥ ዘሎ መግባቱ በእርግጥ ልብን ያስደነግጣል። ያ ግን ነጠላ ከማርጠብ ጋር አይገናኝም።

ቤቱንም አይርሱ። የቆርቆሮ ቤት ኮርኒስ ይግባለት፤ ጨርቅም ቢሆን። በምዕራብ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ የዳስ ጥላ ይጣል፤ መስኮቱ ቀን ተዘግቶ ማታ ይከፈት፤ ወባ ባለበት አጎበር ተዘርግቶ።

የጾሙ ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የሚውለውም ሙቀቱ በሚበረታበት ወር ነው። ጠዋት ፉሮሰማይድ ውጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ በንዳድ መዋል ከሁሉ የከፋው አሠራር ነው። ሁሉንም ማታ ጠቅልሎ መዋጥ ግን አያድንም፤ ኢናላፕሪል፣ ካርቬዲሎልና ፉሮሰማይድ አንድ ላይ ሲወርዱ ግፊቱ በሌሊት ይወድቃል፤ ፉሮሰማይዱ ደግሞ ሌሊቱን ለሽንት ያስነሣና በጨለማ ይጥላል። የቀን ሁለት ጊዜ መድኃኒትም አንድ ጊዜ ሆኖ ሥራውን አይሠራም። የታመመ ሰው ከንስሐ አባቱ ጋር ተነጋግሮ ጠዋት ውሃና መድኃኒት መውሰድ እንደሚፈቀድለት የታወቀ ነው። በሰዓቱ መጾም ለፈቀደ የተረጋጋ ሕመምተኛ ሐኪሙ ፉሮሰማይዱን ከዘጠኝ ሰዓቱ ምግብ ጋር፣ ሌሎቹን ለይቶ በሌላ ሰዓት ሊያደርግለት ይችላል። ያንን ፌስቡክ አይደልድልለት።

ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሣው አንድ ነገር ቀርቷል። ሙቀት የመታው ሕመምተኛ መቀባጠር ከጀመረ፣ መቆም ካቃተው ወይም ገላው ነዶ ራሱን ከሳተ ውሃ በአፉ አታፍሱ፤ ወደ ሳንባው ይገባል። ፓራሲታሞልም ይህን ሙቀት አያወርድም። መኪና እስኪመጣ ቆማችሁ አትጠብቁ፤ ወደ ጥላ ወስዳችሁ፣ ልብሱን አውልቃችሁ፣ ገላውን በሙሉ እያረጠባችሁ አራግቡ። ትንፋሹ ካጠረ ደገፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ራሱን ከሳተ በጎኑ አስተኙት። ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ (907) ወይም ወደ ቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይደወል። መኪናው ውስጥም መስኮቱ ተከፍቶ ማርጠቡ ይቀጥል። የሚወስዳቸውን ኪኒኖች ከነቀጠሮ ካርዱ በአንድ ፌስታል አብራችሁ ያዙ፤ ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ መጀመሪያ የምትጠየቁት እነሱን ነው።